ወጌሻ ቤት ያገኘሁት ሯጭ ያልሆነ ሰው

እያነከስኩ የወጌሻዋን የእማማ ጥሩን በር ገፋ ሳደርግ፣ መደብ ላይ ተዘርግቶ እግሩን በቅቤ የሚታሸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አሰልጣኛችን። ያው "ወጌሻ ቤት የረገጠ ሯጭ ከቡድኔ ይወጣል፤ ይሄ የኋላ ቀር ሥራ ነው" እያለ ጠዋት ጠዋት የሚሰብከን ሰውዬ። እኛ ወደ ሮብ ገበያ የሚወስደውን ዳገት ስንወጣ፣ እሱ ባጃጅ ውስጥ ተንፈላሶ ከኋላ ከኋላ ፊሽካ ይነፋል። ለካ ከባጃጁ ሲወርድ እግሩን ወለም ብሎት ኖሯል። ቁጭ ብሎ ውሎ የሚጎዳ አሰልጣኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ቁርጭምጭሚቴን ወለም ካለኝ ሳምንት አልፎኛል። ለግማሽ ማራቶን የሚሄዱት እሁድ ስለሚመረጡ፣ አውቆ እንዳይጥለኝ ጥርሴን ነክሼ ከሱ ደብቄ ነው የምሮጠው። እሱ ግን እማማ ጥሩ ገና ሳብ ሲያደርጉት "ወይኔ እናቴ" ብሎ ግድግዳውን ቧጠጠ።

"ኧረ ዝም በል፣ ትናንት የመጣች ሕፃን እንኳ እንዲህ አልሆነች" አሉት።

እኔም ሳቄ አመለጠኝ። በሩ ላይ ተደግፌ "እንዴት ነው ኮች፣ የኋላ ቀር ሥራ ተስማማህ?" አልኩት።

አሸነፍኩት ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ዓይኑ ቀስ እያለ ወርዶ መሬት መርገጥ ያቃተው እግሬ ላይ አረፈ። ላቡን ጠረግ ጠረግ አደረገና፣

"እኔስ አልሮጥም" አለኝ። "አንተ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?"