ፀሐይ ያላደበዘዘው ቀይ፦ የመምህር ሽባባው ፈቃደ ዜና ሕይወት

ከቡታጅራ፣ ከእንሴኖና ከመስቃን ገጠር ለቀብሩ የመጣችሁ ወገኖች፣ የምንሸኛቸው ሰው የኖሩትን ኑሮ ሳናሳምር እንናገራለን።

መምህር ሽባባው ፈቃደ ከአባታቸው ከአቶ ፈቃደ ወልደጻዲቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢትዮጵያ ደስታ በ1919 ዓ.ም. በኅዳር ወር መንዝ ውስጥ ተወለዱ። ፊደል ለይተው፣ ዳዊት ደግመው፣ አዲስ አበባ ወርደው የእጅ ሥራ ከተማሩ በኋላ በ1949 ዓ.ም. ቡታጅራ በመምህርነት ሲመደቡ ለሁለት ዓመት ብለው ነበር፤ እነሆ አሥራ ሰባት ዓመት ቆይተው አፈሩ ወሰዳቸው። ወይዘሮ ዓለምዘውድ ባልቻን በ1951 ዓ.ም. አግብተው ፀዳለንና ደምሰውን ወልደዋል።

መምህር በዚህ አገር የወደዱት ቃጫውን ነው። ከእንሰት የሚወጣው ቃጫ ለገመድና ለጅባ ምንጣፍ ሲበቃ ለምን ቀለም እንደማይቀበል እያሰቡ፣ ከጅባ ሠሪዋ ጎረቤታቸው ከወይዘሮ ከድጄ ሰማን ጋር ሰባት ዓመት ልጥና ሥር ሲቀቅሉ ኖሩ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀልቶ ገበያ ሲወጡ ወይዘሮ ከድጄ፣ «መምህር፣ እንሶስላ ሞቁ እንዴ? ደግሞ ማን ዳረዎት?» እያሉ ሰዉን ያስቁባቸው ነበር። በመጨረሻ ቃጫውን በግራር ልጥ ውሃ አሳድረው፣ የመቅመቆ ሥር በአመድ ውሃ አፍልተው ቢነክሩት፣ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ጣሪያ ላይ ተሰጥቶ የማይለቅ ቀይ ተገኘ።

በ1961 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ የእጅ ሥራ ተቆጣጣሪ በቤታቸው አርፈው፣ ቀዩን ጅባና የቀለሙ አሠራር የተጻፈበትን ደብተር ለበላይ ላሳይ ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ዓለምዘውድ፣ «ኧረ ስምዎን እንኳ ይጻፉበት፤ መውሰዳቸውንም ያስፈርሟቸው» ቢሏቸው፣ መምህር፣ «ከቤቴ ያደረን እንግዳ እንደ ሌባ ላስፈርም?» ብለው ተቆጡ፤ በዚህ አገር እንግዳ የወደደውን መንፈግ ነውር ነውና አስረከቡ።

በሁለተኛው ዓመት ቀዩን ጅባቸውን አዲስ አበባ በአንድ ትርኢት ላይ ተሰቅሎ አገኙት። ከሥሩ የተጻፈው የተቆጣጣሪው ስም ነበር። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤት ቢሉ፣ «ማስረጃ አለዎት? የሰጡትን መልሰው አይጠይቁ» ተባሉ። ሊመሰክሩላቸው የሄዱት ወይዘሮ ከድጄ ሁለት ቀን በር ላይ ውለው፣ «ጅባ ሠሪ ስለ ቀለም ምን ታውቃለች» ተብለው ተመለሱ። ዩኒቨርሲቲ የተማርን ዘመዶቻቸው ሦስት አቤቱታ ጽፈናል፤ ያነበበው የለም።

ከዚያ ወዲህ መምህር የቀለም ድስት አልጣዱም። አዲስ ሰማያዊ ቀለም ሊያወጡ ቅጠል የዘፈዘፉበትን ጉድጓድም በአፈር ደፈኑት። ሕመሙ ከጉበታቸው ነው ቢባልም እኛ የምናውቀውን እናውቃለን። ጥር 9 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ መንዝ ያሉትን አሮጊት እናታቸውን፣ እንዲሁም ከማለዳ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው የሚያለቅሱትን ወይዘሮ ከድጄን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን። በምድር ፍርድ አላገኙም፤ እዚያ ያግኙ። እኛን ግን፣ ሲወሰድባቸው ቆመን ያየነውን፣ ይቅር ይበሉን።