የጋሼ ሊያው የእጅ ጽሑፍ እና የኬኩ ካርቶን

ጋሼ ሊያውን ያገኘኋቸው ሳላስበው ነው፤ በታይዋኗ ከተማ ታይናን፣ ከሰፈራችን መቅደስ በር ላይ። የሱቅ ታፔላ በብሩሽ የሚጽፉ ጎረቤቴ ናቸው። ባዶ የኬክ ካርቶን በብብታቸው ወሽቀው ፊታቸው በንዴት ቀልቷል።

«መምህር፣ ተሰረቅኩ!» አሉኝ።

ካርቶኑ ላይ የወይዘሮ ፓን ኬክ ቤት ስም በእሳቸው እጅ ጽሑፍ ታትሟል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሱቁ ሲከፈት የጻፉት ነው።

«እኔ የጻፍኩት ለታፔላ ነው! ዛሬ ፀጉር አስተካካዩ ‹ካርቶኑንም አስፈቅዳዎታለች?› ሲለኝ ዐይኔ ተገለጠ። ባየችኝ ቁጥር የምትስቀው ለካ ወዳ አይደለም! እከሳታለሁ፤ ታፔላውም ይወርዳል።»

ቤታቸው ስንደርስ ሕግ የተማረችው የእህታቸው ልጅ ዪሩ ነገሩን በትዕግሥት ሰማች።

«አጎቴ፣ ካርቶኑን መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?»

«እንጃ፣ ሰባት ዓመት ይሆናል።»

«ያኔ ምን አሏት?»

አገጫቸውን አከክ አከክ አደረጉ።

«ምን አሏት?»

«አረንጓዴው አያምርም፣ ቀይ አድርጊው አልኳት።»

ሦስታችንም ካርቶኑን አየነው። ቀይ ነው።

ዪሩ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ታዲያ ይኼ ፈቃድ ካልሆነ ምንድን ነው? ሰው በአፉ ብቻ አይፈቅድም። አይተው፣ ቀለም መርጠው፣ ሰባት ዓመት ተቀብለዋል» አለች።

«እንግዲያው ዝም ባልኩ ቁጥር ልገፈፍ ነው?»

«የለም። እንዲህ ያለው ፈቃድ ሁለታችሁም ከተረዳችሁት አያልፍም። ለኬክ ቤቷ ነው፤ ለሌላ ድርጅት አሳልፋ መስጠት አትችልም።»

«አለመስጠቷን በምን አውቃለሁ? አንቺም ኬኳን ትበያለሽ!»

እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬው ወደ እኔም ተጋብቶ ነበር። ሦስታችንም ወደ ኬክ ቤቱ ሄድን። ወይዘሮ ፓን ጥያቄውን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ጓዳ ገብታም ቆየች። ጋሼ ሊያው በክርናቸው ጎሸም አድርገውኝ፣ «አየህ? ማስረጃ እየደበቀች ነው» አሉ።

ይዛ የወጣችው ግን ደብዳቤ ነበር። አንድ ብስኩት ፋብሪካ ያንን ጽሑፍ ከረጢቱ ላይ ለማተም ጠይቋታል። ከሥሩ የመልሷ ቅጂ አለ፦ «ጽሑፉ የጋሼ ሊያው ነው። የእኔ ስላልሆነ አልሰጥም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ጽሑፌን ገበያ አወጣችው› ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እልሽ ነበር» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ዪሩ ስምምነቱ በወረቀት ይስፈር ስትል እንደገና ነደዱ። «ወረቀት ወጥመድ ነው!»

«አጎቴ፣ ቀይ አድርጊው ማለትዎን እርስዎ ራስዎ ረስተውት ነበር። ልጆችዎ ከየት ያውቁታል?»

ብዙ ካሰቡ በኋላ ብሩሻቸውን አንስተው ጻፉ፦ «ለታፔላና ለካርቶን ፈቅጃለሁ። ለሌላ ግን ትጠይቂኝ።»

በዝምታ የተሰጠ ፈቃድ የሚጸናው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው። የተጻፈው ለማያውቁንም ይናገራል። ይህን ያየሁት ወረቀቱ በተጻፈ በሁለተኛው ዓመት፣ ጋሼ ሊያው ካረፉ በኋላ ነው። ከታይፔ የመጣው ታላቁ ልጃቸው የወይዘሮ ፓን ሱቅ በር ላይ ቆሞ፣ «የአባቴን ጽሑፍ ማን ፈቀደልሽ?» ብሎ ጮኸባት። ወረቀቱን ሰጠችው። የአባቱን እጅ ሲያውቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ደጋግሞም አነበበው።

«ከእንግዲህ የምትጠይቂው እኛን ነው ማለት ነው» አላት በመጨረሻ፣ ድምፁ ለስልሶ።

«እንግዲያው ልጠይቅ» አለች። ጂያዪ በሚባል ሌላ ከተማ ልጇ በዚሁ ስም ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍት ነበር።

ፈቀደላት፤ በጽሑፍ።