ለሐኪም የሚነገር ጨለማ

በሱዳን ምድር ከባሱንዳ ወደ ገዳሪፍ በምትሄድ ሚኒባስ፥ በቀትር ፀሐይ፥ ከጎንደር የመጣ አንድ የሰሊጥ አጫጅ በስደተኞች ሰፈር ያደገችውን የጎኑን ተሳፋሪ ሲጠይቃት፥ ዳዊቴን እየደገምሁ ከኋላዬ ሰማሁ።

«እታለም፥ ዓረብኛ ታውቂ የለ? ጨለማን ምን ይሉታል?»

«ደልማ ይሉታል። ምን ያደርግልሃል፥ አያ?»

«ለሐኪሙ ልነግረው ነው። ዓይኔ ጨልሟል።»

«እኔን! በትግርኛም ጸልማት ይሉታል፤ ከጎረቤቶቻችን ነው የተማርሁት።»

«በየቋንቋው ስም አውጥተውለታል፤ መድኃኒት ግን አንዱም አላወጣለት!»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከአረሙ ወራት ጀምሮ። አጨዳውንማ ባልንጀሮቼ ሲዘፍኑ ድምፃቸውን እየተከተልሁ፥ አገዳውን በእጄ እየዳበስሁ ተወጣሁት።»

«ማንም አላወቀብህ?»

«ማጭዱ ጣቴን እስኪያገኘው ድረስ ማንም አላወቀ።»

«ታዲያ ብቻህን ልትገባ ነው? አይሆንም፤ እኔ አብሬህ ገብቼ አስተረጉምልሃለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ።»

«ምን?»

«አይድንም ካለሽ በአማርኛ አትንገሪኝ። እሱ እንዳለው በዓረብኛ ንገሪኝ፤ አልገባኝም ብዬ ወደ ልጆቼ ልመለስ።»



«አያ፥ ቃሉን እኮ አሁን አስተማርሁህ።»

«ገዳሪፍ እስክንደርስ እረሳዋለሁ።»

እኔም በእጄ የያዝሁትን ዳዊት፥ የዕለቱን ንባብ ሳላደርስ፥ ዘጋሁት።