ሰባት ውሃ የታጠበው ዶሮ

ጣልያን ደብረ ማርቆስን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ ወይዘሮ እቴናት የልጅ ልጃቸውን የማሬን መቃብር አይተው ሲመለሱ የአማኑኤል መንገድ ላይ ከየሽዋስ ጋር ተገናኙ። የሽዋስ ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተቀጥሮ ሕክምና የቀሰመ የመንደራቸው ልጅ ነው። ሴትየዋ የተማረ ሰው ብዙም አይወዱም፤ ያን ቀን ግን ልባቸው ተቃጥሏልና ቆሙለት።

«እግዜር ያጽናዎ፣ እሜቴ።»

«የጨረሰችኝ አሰገደች ናት! የፋሲካውን ዶሮ የገዛሁት ከእሷ ነው። ለጣልያን ሰፈር እንቁላል የምትሸጥ ሴት መርዝ ታጣለች? ማሬ አራት ቀን በትኩሳትና በተቅማጥ ተሠቃይታ አለፈች። እናቷ የብርጓልም እስካሁን ከመደብ አልተነሣች። ልጄ እንዳላማው ለአርበኞቹ ሊነግር ማለዳ ወርዷል፤ ዛሬ ዋጋዋን ታገኛለች።»

የሽዋስ ደነገጠ። «ወጡን እነማን በላችሁት?»

«እኔና እንዳላማው።»

«ታመማችሁ?»

«እኛማ ደኅና ነን። ለማሬ በርበሬው ያቃጥላታል ብዬ አይብ ሰጠኋት፤ እናቷም ከእሷው ጋር አይቡን በላች።»

«አይቡን በምን አቀረቡት?»

«በገበቴዬ ነዋ!»

«ዶሮውንስ በምን አጠቡት?»

እቴናት ተቆጡ። በሙያቸው የሚመጣባቸውን አይወዱም።

«በዚያው በገበቴው! በሎሚና በጨው፣ ሰባት ውሃ ነው ያጠብሁት። ገበቴውንም አለቅልቄዋለሁ። በንጽሕና ልታማኝ ነው?»

«አላማዎትም፣ እሜቴ። ነገር ግን ጤነኛ በሚመስል ዶሮ ሥጋ ላይ እንኳ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይኖራሉ። ውሃ አይገድላቸውም፤ ወደ ገበቴው፣ ወደ ቢላዋው፣ ወደ እጅ ያሻግራቸዋል እንጂ። የሚገድላቸው እሳት ነው። ወጡ ሲንተከተክ ስለ ዋለ እናንተን አልነካችሁም። አይቡ ግን ገበቴው ውስጥ ከተደረገ በኋላ እሳት አላየም። ዶሮው ተመርዞ ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ የሚታመመው ወጡን የበላው ነበር።»

ይህን ማመን ለሌላ ሰው ቀላል ነው። ለእቴናት ግን ማመን ማለት ልጅቷን በገዛ እጃቸው መቅበራቸውን መቀበል ነበር።

«እንግዲያ እኔ ነኛ?»

«ሳያውቁ ነው፣ እሜቴ።»

«አለማወቄ ለማሬ ምን ፈየደላት?» አሉና ድንገት ጮኹ፤ «ውይ፣ እንዳላማው! አሰገደችን!»

ሁለቱም እየሮጡ ወደ አሰገደች ቤት ወጡ። በሩ ተገንጥሏል፤ ዶሮዎቿ ግቢው ውስጥ ይጭራሉ። አርበኞቹ ወደ በረሃው ይዘዋት ወርደው ነበር። አሰገደች ከዚያ አልተመለሰችም።

የብርጓል፣ የሽዋስ እንዳዘዘው፣ አፍልተው ያቀዘቀዙትን ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጠጣች ዳነች። እቴናትም ሐዘናቸውን ይዘው ደጅ ለደጅ ዞሩ። «ለጥሬ ሥጋ የብቻው ዕቃ ይኑራችሁ። እጃችሁንና ቢላዋችሁን በሳሙና፣ ሳሙና ከታጣ በአመድ እሹ፤ በዕቃው ላይ የፈላ ውሃ ድፉበት። ሥጋው እስከ አጥንቱ ይብሰል። ያደረ ወጥ ሳይፈላ አይቅረብ» እያሉ ጥፋታቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ። በሚቀጥለው ፋሲካ በዚያ መንደር በዚህ በሽታ የተቀበረ ልጅ አልነበረም።

«ዕድሜ ይስጥዎ» ብላ ለመረቀቻቸው እናት ሁሉ ግን መልሳቸው አንድ ነበር፤ «እባክሽ ልጄ፣ እሱን አትለምኝልኝ።»