ዳማዬማ ድናለች

እንዴት አደርሽ አሰሉ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? ወይ ያሶሳ ክረምት! የእኔማ ጎጆ ክዳኑ እያፈሰሰ ምድጃዬ ኩሬ ሆኗል። ጠጋ በይ ወደዚህ፣ የማንጎው ጥላ ለሁላችንም ይበቃል… ወደዚያ ብቻ አትጠጊ፤ ጠረጴዛ አለ፣ ማኅተም የያዘ ሰው ተቀምጧል፣ እንዳንረብሽ።

ለአህያ ነው አይደል የተሰለፍሽው? እሰይ፣ ይገባሻል! ያንቺዋ በገንዲ፣ በዚያ የቆላ ዝንብ በሚያመጣው በሽታ ሞታለች፤ ከብቱ ለሞተበት የሠፈራ አምባችን ሰው ሁሉ ምትክ ይሰጠው ተብሏል። መሞቱን ያ ባለ ማኅተም የከብት ሐኪም ይመስክር እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። እኔማ ምን አግብቶኝ እሰለፋለሁ? አንቺን ላጫውት ነው የቆምኩት። የእኔ በቅሎ ድናለች።

ምነው ሳቅሽ? አጥንቷን ጅብ ሲጎትት አየሁ ልትይኝ ነው? ኤዲያ! ጅብ ምን ያውቃል? ጥናቱን አላነበበ…

ባሌ ሞላ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማሩን ሸጦ ከባምባሲ ገበያ ነው ያመጣልኝ በቅሎዬን፣ ዳማዬን። ገንዲ ይዟት ስትወድቅ አንድ ሰው መጥቶ መርፌ ወጋልኝ። ስም አልጠራም፣ ስም መጥራት ነውር ነው። እጁ ይባረክ! በማግስቱ ብድግ ብላ ውኃ ጠጣች። ሌላው ቢሆን «እስቲ ትሰንብት፣ እስቲ ሣር ትቅመስ» ይል ነበር። የተማረ ሰው ግን ለምን ይጠብቃል? አዲስ አበባ የጋማ ከብት ሐኪሞች ጉባኤ አለ፣ ጽሑፍ የሚቀበሉበት ቀን ሊያልፍ ነው፣ አሶሳ የሚመለሰው የእህል መኪናም ሞተሩን አስነስቷል። «በገንዲ ተይዛ ፈጽማ የዳነች በቅሎ» ብሎ ጽፎ ለሾፌሩ ሰጠው። መኪናው ወንዙን ሳይሻገር ዳማዬ ተመልሳ ተኛች፣ አልተነሳችም። መዳኗን የነገራት የለ፣ ምን ታድርግ?

ጉባኤው ጽሑፉን ተቀበለው አሉ፤ ደስ አይልም? ለአምባችን ክብር ነው። እሑድ ስብሰባ ላይ ሲነበብ ነበርሽ አይደል? መጀመሪያ መፈክር፣ ቀጥሎ መፈክር፣ ከዚያ በቅሎዋ። «በሙሉ የትግል መንፈስ ወደ ምርት ተመለሰች» ሲባል አጨበጨብን። እኔም እንባዬ እየወረደ አጨበጨብኩ፤ ሰው በደስታ ነው ብሎ አለፈኝ። ያቺ ብኸይታ ብቻ፣ የበርታዋ ጎረቤቴ፣ «ወላሂ በቅሎ ሞተ! እኔ አየሁ!» ስትል አፏን ያዝኩት። ዝም በይ አንቺ፣ የተማረ ሰው እያነበበ!

ደግሞ ፎቶግራፏ ያስፈልጋል ተባለ። አበስኩ ገበርኩ! የጎረቤታችን የዓዲላ አህያ ናት የዳማዬን ኮርቻ ተጭና ፎቶ የተነሳችው። ጆሮዋ አላምር ሲል በእኔ ነጠላ ጠቀለሏት። ለምን ብል፣ «ብርድ እንዳይመታት ነው፤ ገና ከሕመም ተነስታ» አለኝ… ያ ሰው። በዚህ ወበቅ! እንዴት ያለ አዛኝ ነው? በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይላሉ። የእኔዋን ደግሞ ሞተሻል ወይ ቢሏት ጥናቴን ጠይቁ ትላለች። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚሉትስ? ዳማዬ እኮ ሞታም… ኧረ ምን አልኩ! ድናም ሰው አዲስ አበባ ታደርሳለች።

እኔን የጨነቀኝ የማሚቱ ነገር ነው። ልጄ ቀኗ ደርሷል፣ እግሯ አብጧል፣ ፊቷ አብጧል። ነርሷ «ምጥ ሳይጀምራት አሶሳ ሆስፒታል አስገቧት» ብላናለች። መንገዱን አይተሽዋል፣ መኪና የሚያሳልፍ ጭቃ አይደለም። ቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረምሶች ሁሉ ለጋራ እርሻው ሥራ ሄደዋል። እና ሄጄ ለመንኩት፣ ያን ሰው። «ሞታለች በልልኝና አህያ ልውሰድ» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እናቴ፣ ከጉባኤው እስክመለስ በቅሎዋ አትሙት።» እሺ፣ ማሚቱስ እስክትመለስ አትውለድ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ቀነ ገደብ የሚያውቀው እሱ ነው።

የአምባው ሊቀ መንበር ጋ ብሄድ፣ «የዳነች በቅሎ እያለችሽ ምን አህያ ያስፈልግሻል? ልጅሽን በሷ ጭነሽ ውሰጃት» አለኝ። አልተሳሳተም እኮ! ክፉዋ እኔ ነኝ፣ ኮርቻ ይዤ ጅብ ጉድጓድ አፍ ላይ መቆም ያቃተኝ። ፈርቻለሁ አሰሉ። ሳቄን አትይ፣ አንድ ልጄ ናት።

ምነው፣ ሰውየው ማኅተሙን አንስቶ ቀና አለሳ? ወደ እኛ ነው የሚያየው? ስለ ማንም አላወራንም በይው! ስለ በቅሎ ነው። ቂም የለኝም፣ እናት ነኝ፣ ከአፌ ምርቃት ብቻ ነው የሚወጣው። መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። ጽሑፉን ይውደዱለት፣ በጭብጨባ ይቀበሉት፣ የፊት ወንበር ይስጡት። ጉንፋን እንኳ አይንካው! እንግዲህ ሰው ነውና ድንገት ቢታመም… አያድርገውና ቢወድቅ… እግዚአብሔር እንደ ራሱ ያለ ሐኪም ይዘዝለት። ዳማዬን እንዳዳነልኝ፣ እሱንም እንዲያው አድርጎ ያድንልን። አሜን በይ እንጂ፣ አሰሉ!