ጠበል የጠጣው ሚኒባስ

ከተማችን ወንዝ ዳር ናት፤ ምንጩ በየጓሮው ነው፣ የማርያም ጠበል ግን አንድ ነው። ትናንት ከመካነ ሰላም የመጣ ሚኒባስ እየጨሰ አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ ዘሎ ወረደና መንገድ ዳር ያገኘውን ጀሪካን አንስቶ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠው። ክው አልኩ! ጎረቤቴ እማማ ጥሩወርቅ አሁን ቀድተውት የመጡት ጠበል ነዋ! እሳቸው ደክሟቸው ጥላ ስር ተቀምጠዋል።

«ኧረ ጠበል ነው!» ብዬ ጮህኩ። የሹፌሩ ፊት አመድ መሰለ። «ወላሂ አላወቅሁም! ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። እርግማን ስጠብቅ፣ እማማ መኪናውን ትክ ብለው አዩት።

«ዛሬ ናፍጣ ቀምሷል?»

«አዎ፣ ጧት ሞልቼዋለሁ።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ጉድ ፈላ! ጠበል በባዶ ሆድ እንጂ በልቶ ይጠጣል? ምነው ሳታስጾመው!»