ጠበል የሄደችው ማሽን

ቁስቋም ዳገት ላይ፣ ታንከሩ ምን ያህል ውኃ እንደያዘ ታች ላለው ፓምፕ በኔትወርክ የምትናገር ትንሽ ማሽን አለች። እሷ ዝም ካለች ፓምፑ አይነሳም፤ ሰፈሩም ውኃ አያገኝም። ዘንድሮ ለአዲስ ዓመት አምስት ቀን ሲቀረው ዝም አለችና እኔ ተጠራሁ። ፕሮግራሟን ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም፤ አንድ መስመር ማብራሪያ እንኳ አልተወም። ግማሽ ቀን ኮዱ ላይ አፍጥጬ ምንም አላገኘሁም።

ጥበቃው ጋሼ ታዬ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ «አትድከም ልጄ፣ አምናም ካቻምናም እንዲሁ ነበረች። ጳጉሜን ሲገባ እሷም ጠበል ትሄዳለች፤ መስከረም አንድ ራሷ ትመለሳለች» አሉኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን አቁሜ ቀኑን የሚጽፈውን ክፍል ከፈትሁ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው በእኛ አቆጣጠር ወሮቹን ደርድሯል፤ ዐሥራ ሁለት ብቻ። ዐሥራ ሦስተኛው ሲጠየቅ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ጳጉሜንን ጨምሬ አስነሳኋት። ትንሽ ቆይቶ ታንከሩ ውስጥ ውኃ ሲወርድ ተሰማ።

«በቃ? ይቺው ናት?» አሉ ጋሼ ታዬ።

«ይቺው ናት።»

ከሰዓት በኋላ ቦቴ ሲጠብቁ የዋሉ ሴቶች በየቤታቸው ቧንቧ ውኃ መምጣቱን ሰምተው ባዶ ጀሪካናቸውን እያንጠለጠሉ ተመለሱ። እኔ ያንን ዳገት ጀሪካን ተሸክሜ እየወጣሁ ነው ያደግሁት። ስለዚያ ማውራት አልወድም፤ የዚያን ቀን ግን የመጨረሻዋ እስክትገባ ድረስ ቆሜ አየኋቸው።